ሕያው ሴልን ሳይጎዱ ማቅለም፦ ስብን፣ ሚቶኮንድሪያንና ስኳርን በፍሎረሰንት ቀለም የማየት ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ተማሪ ማይክሮስኮፕ ላይ የሚቀመጠው ፎቶ ይዞ ለመውጣት ነው። ደማቅ አረንጓዴ ወይም ደማቅ ቀይ ካየ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እኔ ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ ናሙና) የሌለው ፎቶ ምንም አይናገርም። ሕያው ሴል ላይ የምንጨምረው ቀለም ራሱ ሴሉን ይነካዋል። ሲበዛ ይመርዘዋል። ብርሃን ሲያርፍበት ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሹ ስለ ቀለም፣ ግማሹ ስለ ኮንትሮል ነው።

የምጽፈው በአዲስ አበባ ዳርቻ ለምንሠራ ሰዎች ነው። ሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ሆለታ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለ። በቂሊንጦና በቱሉ ዲምቱ በኩል የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው አለ። የምናነባቸው ፕሮቶኮሎች ግን በአብዛኛው የተጻፉት ዝቅ ባለ ቦታ ለሚሠራ፣ መብራት ለማይጠፋበት ሰው ነው። እኛ ጋ ሲመጡ የሚስተካከል ነገር አላቸው። መጀመሪያ እሱን እንጨርስ።

ከፍታው፣ ብርዱና መብራቱ

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። አቃቂ በኩል ዝቅ ይላል፣ ሱሉልታ ከ2,500 ያልፋል። የአየር ግፊታችን በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ይህ በቀጥታ ኢንኩቤተር (ሴል የሚያድግበት ማሞቂያ ሣጥን) ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 5 ፐርሰንት ሲል ከጠቅላላው አየር 5 እጅ ማለቱ ነው። ጠቅላላው አየር ሳስቷል። ስለዚህ የኛ 5 ፐርሰንት የሚሠራው በባሕር ወለል 3.8 ፐርሰንት የሚሠራውን ያህል ነው። የሚዲያው (ሴሉ የሚያድግበት ፈሳሽ) ፒኤች በ0.1 ገደማ ከፍ ይላል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን የሴል ሜታቦሊዝም ፒኤች ሲቀየር ዝም ብሎ አያይም።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ሴል የሌለበት ሚዲያ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድሩ። ጠዋት እንዳወጣችሁት ወዲያው ፒኤች ለኩ። ከ7.4 በላይ ከሆነ ካርቦኑን ወደ 6፣ ከዚያም ወደ 6.5 ፐርሰንት ከፍ እያደረጋችሁ ድገሙት። ኦክስጅኑም በዚያው ልክ እንደሚቀንስ አትርሱ። ኢንኩቤተራችን ውስጥ ያለው ኦክስጅን በባሕር ወለል ልክ ቢቆጠር ከ16 ፐርሰንት ብዙም አይበልጥም። ሚቶኮንድሪያ (የሴሉን ኃይል አመንጪ ክፍል) የሚለካ ሰው ይህን በጽሑፉ ማስፈር አለበት።

ኦቶክሌቩም እንዲሁ ነው። የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ላይ ሲደርስ 121 ዲግሪ ደረሰ ብሎ ማሰብ እዚህ አይሠራም። በኛ ከፍታ 15 ላይ ያለው ሙቀት 117 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ለመድረስ ከ18 እስከ 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። ሁልጊዜ የምታምኑት ቴርሞሜትሩን ይሁን።

ብርዱ ደግሞ ዲኤምኤስኦ ላይ ይታያል። አብዛኞቹ ቀለሞች የሚሟሙት በዚህ ፈሳሽ ነው። ዲኤምኤስኦ በ18.5 ዲግሪ ይረጋል። ሐምሌ ጠዋት ላይ ጠርሙሱን ብታነሱ ጠርዙ ላይ እንደ መስታወት ጥርት ያሉ መርፌዎች ይታያሉ፣ መሀሉ ገና ፈሳሽ ነው። በዚህ ሁኔታ ፒፔት ከከተታችሁ የምትወስዱት መጠን የተዛባ ይሆናል። ቱቦውን መዳፋችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪቀልጥ ጠብቁ። በቮርቴክስ አማስሉት፣ አጭር ሴንትሪፊውጅ ስጡት፣ ከዚያ ቅዱ። ዲኤምኤስኦ ከአየር ላይ ውኃም ይስባል። ክዳኑ ክፍት አይቆይ።

መብራት ከሄደ የኢንኩቤተሩን በር አትክፈቱ። ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ ግን የዚያን ቀን ሴሎች ለመለኪያ አትጠቀሙባቸው። በሕይወት ያሉ ቢመስሉም ሙቀታቸውም ፒኤቻቸውም ተናውጧል። አንድ ቀን ይረፉ። ማይክሮስኮፕ የምትገዙ ወይም ግዢ ክፍሉ አስተያየት የጠየቃችሁ ከሆነ ደግሞ ኤልኢዲ መብራት ያለውን ምረጡ። የድሮው የሜርኩሪ አምፖል ዕድሜው በመቶዎች በሚቆጠር ሰዓት ነው የሚለካው። አንዴ ከጠፋ እስኪበርድ ድረስ መልሶ ማብራት አይገባም። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቦታ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ቀለም ስታዙ

ቀለሙ የሚመጣው ከውጭ ነው። ጉምሩክ ቀናት ሊያቆየው ይችላል። ስለዚህ ምርጫ ካለ የተሟሟውን ሳይሆን ደረቅ ዱቄቱን እዘዙ። ዱቄት መንገድን በተሻለ ይቋቋማል። ሲደርስ በአንድ ቀን አሟሙታችሁ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍሉት። አንድ ቱቦ ለአንድ ቀን ሥራ የሚበቃ ይሁን። በፎይል ጠቅልላችሁ ከዜሮ በታች 20 ላይ አስቀምጡ። ያው የወጥ ቤቱ ፎይል ይበቃል። እየቀለጠ እየረጋ የከረመ ቱቦ ግን አይታመንም።

አንድ መስመር ሁልጊዜ ይከበር፦ ሴሉ ላይ የሚደርሰው ዲኤምኤስኦ ከ0.1 ፐርሰንት አይበልጥ። ይህ ማለት በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ማይክሮ ሊትር ነው።

መጀመሪያ በዳቦ እርሾ ተለማመዱ

ውድ ሴል ላይ እጃችሁን ከማፍታታት በፊት ከሱፐርማርኬት የዳቦ እርሾ ግዙ። እርሾ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይፈልግም፣ በ30 ዲግሪ ያድጋል፣ ቢበላሽም አያሳዝንም። ደግሞም እውነተኛ ሜታቦሊዝም ያሳያችኋል። ስኳር እየተትረፈረፈለት በፍጥነት ሲያድግ ስብ እምብዛም አያከማችም። ምግቡ ሲያልቅና እድገቱ ሲቆም ግን ስቡን በትንንሽ ጠብታዎች ያስቀምጣል። ይህ ልዩነት ተፈጥሯዊ ኮንትሮል ይሆንላችኋል።

ቀለሙ ናይል ሬድ ነው። በሴል ውስጥ ያለ የስብ ጠብታን ለማሳየት እንደሚያገለግል የተገለጸው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። ውኃ ውስጥ ሲሆን ብርሃኑ እጅግ ደካማ ነው። ስብ ውስጥ ሲገባ ይበራል። ስለዚህ ብዙ ማጠብ አያስፈልገውም። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቀለም አላውቅም።

እርሾውን 1 ፐርሰንት የእርሾ ኤክስትራክት፣ 2 ፐርሰንት ፔፕቶንና 2 ፐርሰንት ግሉኮስ ባለው ሚዲያ ውስጥ እያነቃነቃችሁ በ30 ዲግሪ አሳድሩ። በማግስቱ ትንሽ ወስዳችሁ አዲስ ሚዲያ ውስጥ ጨምሩና አራት ሰዓት ያህል ይደግ። ይህ ወጣቱ ናሙና ነው። ሁለተኛው ሁለት ሦስት ቀን በዚያው ሚዲያ ውስጥ የቆየው ነው።

ከሁለቱም 1 ሚሊ ሊትር ውሰዱ። ለሁለት ደቂቃ በ3,000 ጂ ሴንትሪፊውጅ አድርጉ። በፒቢኤስ (ጨዋማ ማጠቢያ ፈሳሽ) ሁለቴ እጠቡ። በመጨረሻው እጥበት የሁለቱን ድፍርስነት በዓይን አስተያዩና አመጣጥኑ። ስፔክትሮፎቶሜትር ካለ ደግሞ 600 ናኖሜትር ላይ ለኩ። አንዱ ናሙና ብዙ ሴል ካለው ለእያንዳንዱ ሴል የሚደርሰው ቀለም ያንሳል፣ ንጽጽሩም ይበላሻል።

ናይል ሬዱን 1 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር ዲኤምኤስኦ አሟሙታችኋል እንበል። ከዚህ 1 ማይክሮ ሊትር ወስዳችሁ 1 ሚሊ ሊትሩ እርሾ ላይ ጨምሩ። ሴሉ የሚያገኘው 3 ማይክሮሞላር ገደማ ነው። ወዲያው አማስሉ፣ ካልሆነ ቀለሙ በአንድ ቦታ ይረጋል። ጨለማ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ። አንድ ቱቦ ደግሞ ያለ ቀለም፣ 1 ማይክሮ ሊትር ዲኤምኤስኦ ብቻ ተጨምሮበት ይዘጋጅ።

እርሾ ፈሳሽ ውስጥ ይዋኛል። ፎቶ ስታነሱ እየሸሸ ያስቸግራል። ስላይድ ላይ 1 ወይም 2 ፐርሰንት አጋሮስ በስሱ አፍስሱና ይርጋ። በላዩ ላይ 3 ማይክሮ ሊትር እርሾ አድርጉ፣ ከቨርስሊፕ ክደኑበት። ሴሎቹ ጸጥ ብለው ይተኛሉ።

በሰማያዊ ብርሃን፣ ከ450 እስከ 490 ናኖሜትር፣ አብሩትና አረንጓዴውን ወደ ቢጫ የሚያዘነብለውን ብርሃን ተመልከቱ። በቆየው ናሙና ውስጥ እያንዳንዱ ሴል ጠርዝ ላይ ሦስት አራት ጥርት ያሉ ቢጫ ነጥቦች ተደርድረው ታያላችሁ። በወጣቱ ውስጥ ነጥቡ ጥቂት ነው፣ ብዙዎቹ ሴሎች ደብዘዝ ያሉ ናቸው። ፊልተሩን ወደ አረንጓዴ ማብሪያና ቀይ መመልከቻ ስትቀይሩት ደግሞ ነጥቡ ብቻ ሳይሆን ሜምብሬኑ (የሴሉ ስስ ልባስ) ሁሉ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ለምን ቢባል፣ ናይል ሬድ በሜምብሬን ፎስፎሊፒድ ውስጥ ሲሆን የሚሰጠው ብርሃን ወደ ቀይ ይሄዳል። ስለዚህ የተከማቸ ስብ የምትለኩ ከሆነ በቢጫው ቻናል ሥሩ። በቀዩ ለክቶ "ስብ ጨመረ" ማለት የተለመደ ስህተት ነው።

ሙሉ በሙሉ አንድ ወጥ ሆኖ ያበራ ሴል ካያችሁ ምናልባት ሞቷል። ደረቅ እርሾ ውስጥ የሞተ ሴል ብዙ ነው። ለማረጋገጥ ከዚያው ናሙና ሌላ ጠብታ ወስዳችሁ ሜቲሊን ብሉ ጨምሩና በተራ ብርሃን እዩ። ሕያው እርሾ ሜቲሊን ብሉን በኬሚካል ለውጦ ቀለም አልባ ያደርገዋል፣ የሞተው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱን ቀለም በአንድ ጠብታ ውስጥ ግን አታቀላቅሉ።

ወደ እንስሳና የሰው ሴል ስትሻገሩ አካሄዱ ያው ነው። የጉበት ሴል ካላችሁ ከአልቡሚን ጋር የተያያዘ ኦሌይክ አሲድ 200 ማይክሮሞላር ጨምራችሁ አሳድሩት። ጠብታው በግልጽ ይበዛል። ይህ ፖዘቲቭ ኮንትሮላችሁ ነው። ከሌላ ቀይ ቀለም ጋር አብራችሁ ልታዩ ካሰባችሁ ግን ናይል ሬድን ተዉትና ቦዲፒ 493/503 ተጠቀሙ። የናይል ሬድ ብርሃን ሰፊ ስለሆነ ወደ ቀዩ ቻናል ይፈስሳል። ቦዲፒ ጠባብ ነው።

ሚቶኮንድሪያ፦ በቲኤምአርኤም

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ጤናማ ሚቶኮንድሪያ ውስጡ በኤሌክትሪክ ነጌቲቭ ነው። ቲኤምአርኤም ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ቀለም ነው። ስለዚህ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ እዚያ ይከማቻል። በ37 ዲግሪ እያንዳንዱ 60 ሚሊቮልት ገደማ የቀለሙን ክምችት አሥር እጥፍ ያደርገዋል። ሚቶኮንድሪያው ሲደክም ቀለሙ ይወጣል፣ ብርሃኑ ይቀንሳል። ሐሳቡ ይኸው ነው።

ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ቀለሙ ሲበዛ ሞለኪውሎቹ ተጨናንቀው አንዱ የሌላውን ብርሃን ያጠፋል። በዚያ ሁኔታ ሚቶኮንድሪያው ሲደክምና ቀለሙ ሲበተን ብርሃኑ ይጨምራል። ማለትም ውጤታችሁ ተገልብጦ ይነበባል! ደካማውን ጤነኛ ትላላችሁ። ስለዚህ በ20 ናኖሞላር ጀምሩ። ማይክሮሞላር አይደለም፣ ናኖሞላር።

5 ሚሊ ግራሙን በ1 ሚሊ ሊትር ዲኤምኤስኦ ብታሟሙት 10 ሚሊሞላር ገደማ ስቶክ (ወፍራም መነሻ ፈሳሽ) ይሆናል። ከዚህ 2 ማይክሮ ሊትር በ1 ሚሊ ሊትር ሚዲያ አቅጥኑ፣ 20 ማይክሮሞላር ሆነ። ከዚህኛው 1 ማይክሮ ሊትር በ1 ሚሊ ሊትር ሚዲያ ስታደርጉ 20 ናኖሞላር ላይ ናችሁ። የቀጠነውን በዕለቱ ተጠቀሙና ጣሉ።

የማየት ሚዲያው ፌኖል ሬድ የሌለው ይሁን። ያ ቀይ ጠቋሚ ራሱ ባክግራውንድ ይሰጣል። 5.5 ሚሊሞላር ግሉኮስና ከ10 እስከ 20 ሚሊሞላር ሄፐስ ይኑርበት። ሄፐስ ከኢንኩቤተር ውጭ ፒኤቹን ይይዝላችኋል። ቀለሙን ጨምራችሁ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በ37 ዲግሪ አቆዩ። ከዚያ አታጥቡ። ቲኤምአርኤም በሚዛን የሚሠራ ቀለም ነው። ውጭ ያለውን ካጠባችሁ ውስጥ ያለውም እየወጣ ይሄዳል። እያያችሁም ቀለሙ ሚዲያው ውስጥ እንዳለ ይቀጥል።

አሁን ኮንትሮሉ። ጥቂት ፎቶ በየደቂቃው አንሱ። ከዚያ ኤፍሲሲፒ 1 ወይም 2 ማይክሮሞላር ጨምሩ። ይህ መርዝ የሚቶኮንድሪያውን ቮልቴጅ ያፈርሳል። ክር ክር የሚመስለው ቀይ መስመር በደቂቃዎች ውስጥ ይደበዝዝና ብርሃኑ በሴሉ ሁሉ ይበተናል። ብርሃኑ ከወረደ መጠናችሁ ትክክል ነው። መጀመሪያ ብልጭ ብሎ ከፍ ካለ ቀለማችሁ በዝቷል፣ አቅጥኑት። በሌላ ሳህን ላይ ኦሊጎማይሲን ብታደርጉ ደግሞ ብርሃኑ በጥቂቱ ይጨምራል፤ ኤቲፒ የሚሠራው ማሽን ሲቆም ቮልቴጁ አያልቅም። ሁለቱም አቅጣጫ ከሠራላችሁ መለኪያችሁን እመኑት።

ብርሃን ራሱ ሚቶኮንድሪያ ይጎዳል። ኃይለኛ ብርሃን አብርታችሁ ዝም ብላችሁ ካያችሁ አንዳንዱ ክር ድንገት ጥፍት ብሎ መልሶ ይበራል። ያንን ካያችሁ እየለካችሁ ያላችሁት የራሳችሁን ጉዳት ነው። የመብራቱን ኃይል ወደ ጥቂት ፐርሰንት አውርዱ፣ ኤክስፖዠሩን በምትኩ ትንሽ አስረዝሙ።

ሙቀቱም አይዘንጋ። ክረምት ላይ ክፍሉ 18 ዲግሪ ሆኖ ሳህኑን ማይክሮስኮፕ ላይ ብታስቀምጡት ሴሉ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ማሞቂያ ያለው ስቴጅ ይኑራችሁ። በዘይት የሚሠራ ሌንስ ደግሞ ከሳህኑ ጋር ስለሚገናኝ ሙቀት ይስባል። ስቴጁ 37 ቢልም ሌንሱ ሥር ያለው ሴል ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። የሌንስ ማሞቂያ ከሌለ በደረቅ ሌንስ መሥራት ይሻላል።

አንዳንድ የካንሰር ሴሎች ቲኤምአርኤምን በፓምፕ ያስወጡታል። አንዱ ዓይነት ሴል ከሌላው ደብዘዝ ካለ "ሚቶኮንድሪያው ደካማ ነው" ከማለታችሁ በፊት ፓምፑን የሚያግድ ቬራፓሚል ጨምራችሁ ፈትሹ።

ስኳር፦ በ2-ኤንቢዲጂ

ግሉኮስ ላይ አብሪ ቁራጭ ተጣብቆበት የተሠራ ቀለም ነው። አካሄዱ አጭር ነው። ሴሉን ግሉኮስ በሌለው ሚዲያ አቆዩ፣ 100 ማይክሮሞላር 2-ኤንቢዲጂ ጨምሩ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በ37 ዲግሪ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ፒቢኤስ አጥባችሁ ቶሎ እዩ። በሰማያዊ ይበራል፣ አረንጓዴ ይሰጣል። ብርሃኑ ደካማ ነው፣ በፍጥነትም ይደበዝዛል።

ኮንትሮሉ ከፍተኛ ተራ ግሉኮስ አብሮ የገባበት ሳህን ነው። ቀለሙ በእውነት በግሉኮስ በር የሚገባ ከሆነ ተራው ግሉኮስ ሊሻማውና ብርሃኑን ሊቀንሰው ይገባል። ካልቀነሰ በሌላ በር እየገባ ነው። ይህን የምለው በምክንያት ነው፤ በቲ ሴሎች ላይ በተደረጉ ሥራዎች 2-ኤንቢዲጂ የታወቁት የግሉኮስ በሮች ሳያስፈልጉት እንደሚገባ ታይቷል። እኔ ብቻውን ማስረጃ አድርጌ አልቀበለውም። ሚዲያው ውስጥ የቀረውን ግሉኮስ በተራ የኬሚስትሪ ኪት መለካት ርካሽ ነው፣ ጎን ለጎን አድርጉት።

ፎቶ ስታነሱ

ቀለም ያልነካው ሴል ሁልጊዜ ይኑር። ሴል በራሱ ያበራል። ኤንኤዲኤች በአልትራቫዮሌት ሲበራ 460 ናኖሜትር አካባቢ ሰማያዊ ይሰጣል፣ ፍላቪኖች ደግሞ በሰማያዊ ሲበሩ አረንጓዴ። ደካማ አረንጓዴ የምትለኩ ከሆነ፣ እንደ 2-ኤንቢዲጂ፣ ግማሹ ብርሃን የሴሉ የራሱ ሊሆን ይችላል።

የምታነሱትን ቦታ በተራ ብርሃን ምረጡ። በፍሎረሰንስ እየፈለጋችሁ ከሄዳችሁ ዓይናችሁ ደማቁን ሴል ይመርጣል፣ ያልተመረጠውም እስከዚያ ይደበዝዛል። ኤክስፖዠርና ጌይን በጣም ደማቁ ናሙና ላይ አስተካክሉ፣ አንድም ፒክሰል እስከ ጣሪያ ሳይደርስ። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ሳህን አትንኩት። አውቶ ኤክስፖዠር ይጥፋ። የሚቻል ከሆነ ሳህኖቹን ሌላ ሰው ቁጥር ይስጣቸውና የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አንሱ።

ግንባታ በበዛበት ሰፈር ነው ያለነው፣ አቧራው ሌንስ ላይ ያርፋል። በየፎቶው እዚያው ቦታ የሚደጋገም ጥላ ካያችሁ አቧራ ነው። በሌንስ ወረቀት ብቻ ጥረጉ፣ በጋውን ጫፍ በፍጹም።

ልኬቱና ማኅደሩ

ፎቶውን በቲፍ አስቀምጡ። ጄፔግ ቁጥሩን ያበላሻል። ለመለካት ፊጂ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ተጠቀሙ፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ሴሉን በተራ ብርሃን ፎቶ ላይ ክበቡ፣ አማካይ ብርሃኑን በፍሎረሰንስ ፎቶው ላይ ለኩ፣ ከጎኑ ያለ ባዶ ቦታ ለክታችሁ ቀንሱ። ቀለም የሌለውን ሳህን አማካይም ቀንሱ። በአንድ ሳህን ውስጥ መቶ ሴል መቁጠር መቶ ሙከራ አይደለም። ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ ከአዲስ ሴል ተነስታችሁ ድገሙት።

ከፎቶው ጋር በአንድ ፎልደር ውስጥ እነዚህ ይጻፉ፦ የቀለሙ መጠንና የቱቦው ቀን፣ ሚዲያው፣ የስቴጁ ሙቀት፣ ኢንኩቤተሩ የቆመበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከፍታው፣ የመብራቱ ፐርሰንት፣ ኤክስፖዠሩ፣ ፊልተሩ፣ በዚያ ሳምንት መብራት ጠፍቶ ከነበረ ሰዓቱ። ኤፍሲሲፒና ኦሊጎማይሲን የነካውን ፈሳሽ ደግሞ ወደ ሲንክ አትድፉ። ስም በተለጠፈበት ጠርሙስ ሰብስባችሁ ለኬሚካል ቆሻሻ ኃላፊው አስረክቡ።